የቀይ ቀበሮው ትል ከየት መጣ?

ውሻ ወይም ቀይ ቀበሮ የጣለው ዓይነ ምድር በወፍራም የጨው ውሃ ተበጥብጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ አንዲት ክብ፣ ቅርፊቷ የጠነከረ፣ የሚሊ ሜትር ሠላሳኛ የምታህል እንቁላል ተገኘች እንበል። መርማሪው መዝገቡ ላይ «የኮሶ ትል ወገን» ብሎ ይጽፋል። ከዚህ በላይ ለማለት አይችልም። በዚህ ወገን ውስጥ ያሉት ትላትል ሲያድጉ አንዱ ከሜትር በላይ ይረዝማል፣ ሌላው ከ7 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ እንቁላላቸው ግን በዓይን አይለይም። ያቺ እንቁላል ቀበሮው ከሚያድናቸው አይጦችና ፍልፈሎች ጋር ከጥንት ጀምሮ ሲዞር የኖረ፣ በእንስሳው ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የማያደርስ ትል እንቁላል ልትሆን ትችላለች። ከበግ ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ በግ እየተመላለሰ በመሀል ሰውን የሚይዘው፣ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ የሚያበቅለው የኢኪኖኮከስ እንቁላልም ልትሆን ትችላለች። ወይም በበጎች አንጎል ውስጥ ተቀምጦ የሚያዞራቸው፣ ገበሬው አዙሪት የሚለው በሽታ መነሻ ትሆናለች። የመጀመሪያው ግምት ትክክል ከሆነ የሚሻለው እንስሳውን መተው ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከሆነ ግን ሥራው ያለው ከፓርኩ ውጭ፣ በግ በሚታረድበትና ውሻ የታረደውን ትራፊ በሚበላበት መንደር ነው። አንዲት እንቁላል እንዲህ ተቃራኒ ውሳኔዎችን ተሸክማ ሳለች በግማሽ ስም መዝግቦ ማለፍ፣ ቁጥራቸው ለተመናመነ እንስሳት ጥበቃ የማይበጅ ልማድ ሆኗል።

የቀይ ቀበሮ ጉዳይ ለዚህ ክርክር ከሁሉም የቀረበ ምሳሌ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ በኢትዮጵያ ደጋዎች ይኖራሉ፤ ጎልማሶቹ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ሲሆኑ የተቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎና በሰሜን ተራሮች እንደ ደሴት ተነጣጥለው የቀሩ ናቸው። እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እነርሱም ወደ ላይ ይሸሻሉ። በእግራቸው ሥር የሚከተላቸው ገበሬው ብቻ ሳይሆን ውሻውም ነው፤ ውሻውም የራሱን ትላትል በአንጀቱ ይዞ ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ ከእንዲህ ያለ እንስሳ ዓይነ ምድር ላይ የጥገኛ ትላትልን ዘረ መል መመርመር የላቦራቶሪ ቅንጦት ሳይሆን፣ ገንዘብና ጉልበት የት ላይ መዋል እንዳለበት የሚወስን የጥበቃ መሣሪያ ነው። ዋናው ጥቅሙም ትሉን ማግኘቱ ላይ አይደለም። ትሉ ከማን እንደመጣ መናገሩ ላይ ነው።

ማይክሮስኮፕን መናቅ አይገባም። የአንጀት ጥገኞችን ያወቅነው በእርሱ ነው፤ ርካሽ ነው፤ መብራት በሌለበትም በመስተዋት በሚመለስ ብርሃን ይሠራል። ድክመቱ የሚጀምረው በመልክ የሚመሳሰሉ ነገሮች ሲገጥሙት ነው፤ በአንጀት ውስጥ ደግሞ መመሳሰል የተለመደ ነው። የመንጠቆ ትልና በአንጀት ግድግዳ ላይ እባጭ የሚፈጥሩት የኢሶፋጎስቶመም ትላትል እንቁላሎች አንድ ይመስላሉ። እነርሱን ለመለየት እንቁላሉን አስፈልፍሎ እጩን ለቀናት ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ መልሱ ከወገን ስም ብዙም አያልፍም። የሰው ሕክምና ራሱ በዚህ መመሳሰል ለብዙ አሥርት ዓመታት ተታሏል። ተቅማጥና የጉበት ቁስል የሚያመጣው አሜባና በአንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖረው አሜባ እንቁላል መሳይ ቋጠሯቸው አንድ ስለሆነ በአንድ ስም ሲጠሩ ቆይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ተቀብለው መመሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እስከዚያ ድረስ ሕመም የሌለበት ብዙ ሰው በማይክሮስኮፕ ብቻ «አሜባ አለብህ» እየተባለ መድኃኒት ውጧል። በሰው ላይ ይህን ያህል ጊዜ የፈጀ ስሕተት፣ ተይዞ ሊመረመር በማይችል፣ ሕመሙን በማይናገር የዱር እንስሳ ላይ ቢደጋገም የሚያስገርም አይሆንም።

የዘረ መል ምርመራው አካሄድ በጥቅሉ ይህን ይመስላል። ከዓይነ ምድሩ ዲኤንኤ ይወጣል፤ ከዚያ በፒሲአር፣ ማለትም ካሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 አስቦት ከ10 ዓመት በኋላ ኖቤል በተሸለመበት ዘዴ፣ የተፈለገው ቁራጭ ብቻ ተመርጦ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ይባዛል፤ የተባዛውም ፊደል በፊደል ይነበብና ከታወቁ ዝርያዎች መዝገብ ጋር ይነጻጸራል። ለክብ ትላትል ባለሙያዎች አዘውትረው የሚያነቡት አይቲኤስ-2 የሚባለውን ክፍል ነው። ለኮሶ ትል ወገን ደግሞ ከማይቶኮንድሪያ ላይ ያለ ዘረ መል ይመረጣል። ዛሬ አንድ ናሙና ውስጥ ያሉትን ትላትል ሁሉ በአንድ ጊዜ አንብቦ እያንዳንዱን በስሙ መዘርዘር ይቻላል፤ አንድ ጎሪላ ወይም ዝንጀሮ «የመንጠቆ ትል መሰል እንቁላል» ተብሎ ከተመዘገበለት ናሙና ውስጥ ብዙ ዝርያዎች ተደባልቀው የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ምርመራው የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ብዙዎች አይጠይቁትም እንጂ መሠረቱ እርሱ ነው። ይህን ዓይነ ምድር የጣለው ማን ነው? በደጋው ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ፣ ውሻና ተኩላ በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ፤ የደረቀ ዓይነ ምድራቸውን በቅርጹና በሽታው ብቻ ለይቶ መማል አይቻልም። የእንስሳው የራሱ የአንጀት ሕዋስ ከዓይነ ምድሩ ጋር ስለሚወጣ ግን ያው ናሙና የባለቤቱንም ስም ይናገራል። ባለቤቱ ያልተረጋገጠ ናሙና ላይ የተሠራ የጥገኛ ቆጠራ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

ስሙ በትክክል ሲታወቅ ውሳኔው እንዴት እንደሚገለበጥ ከአፍሪካ ሁለት ጫፎች የመጣ አንድ ማስረጃ በግልጽ ያሳያል። በሰሜን ጋናና በቶጎ ኢሶፋጎስቶመም ቢፈርከም የተባለው ትል የገጠሩን ሰው ሆድ የሚያሳብጥ ትልቅ ችግር ነበር፤ ይኸው ትል በአካባቢው ጦጣዎችና ዝንጀሮዎችም ውስጥ ይገኝ ስለነበር ጥርጣሬው በእነርሱ ላይ አረፈ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ የተሠሩ የዘረ መል ጥናቶች ግን ከሰው የተወሰዱት ትላትልና ከጦጣዎቹ የተወሰዱት በዘር ሐረግ የተለያዩ መሆናቸውን አሳዩ። ሰው የሚይዘው ከሰው ነበር፤ መድኃኒቱም ለሰው ነበር፤ ጦጣዎቹን ማሳደድ ከንቱ ነበር። በዩጋንዳ ኪባሌ ጫካ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የዚያኑ ወገን ትላትል በተመሳሳይ መንገድ ሲመረምር ያገኘው ሌላ ነው፤ አንደኛው የዘር ሐረግ በሰዎችም በበርካታ የጦጣና የዝንጀሮ ዝርያዎችም ውስጥ ተገኘ። በማይክሮስኮፕ ሥር ሁለቱ ጫፎች አንድ ታሪክ ነበራቸው። በዘረ መል ሲታዩ አንዱ ግድግዳ፣ ሌላው በር ሆኑ። በዚያው ዓመት በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በዛንጋ ሳንጋ ጫካ የተሠራ ሥራም እዚያ የሚኖሩ ሰዎችና ጎሪላዎች አንድ ዓይነት የመንጠቆ ትል እንደሚጋሩ አረጋገጠ። ጎሪላን በቅርብ የሚከታተሉ መንገድ መሪዎች፣ ተመራማሪዎችና ጎብኚዎች ባሉበት ቦታ ይህ መልስ የሚያስከትለው ሥራ የታወቀ ነው፦ የሠራተኞች ጤና ምርመራ፣ በጫካ ውስጥ ጥልቅ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የጫማ ንጽሕና።

በዩጋንዳ ቡዊንዲ የሚገኙት የተራራ ጎሪላዎች ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ እዚያም እንደ ባሌ ሁሉ ፓርኩንና ማሳውን የሚለየው አንድ አጥር እንኳ የሌለው መስመር ነው። የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር በመጨረሻዎቹ ቆጠራዎች ከ1,000 ጥቂት በልጧል። ከ20 ዓመት በፊት በዚያ የተሠሩ ተከታታይ ጥናቶች በጎሪላዎቹ፣ በአካባቢው ሰዎችና በከብቶች ውስጥ የተገኘው ጃርዲያ አንድ የዘረ መል ቡድን መሆኑን አመለከቱ። ጃርዲያ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ የሚመስል ጥገኛ ነው። በማይክሮስኮፕ ሁሉም ጃርዲያ አንድ ነው፤ በዘረ መል ግን ከኤ እስከ ኤች በተሰየሙ ቡድኖች ይከፈላል። ኤ እና ቢ ሰውን ጨምሮ ብዙ እንስሳትን ይይዛሉ፣ ሲ እና ዲ የውሻ ወገን ናቸው፣ ኢ የከብት፣ የበግና የፍየል ነው፣ ኤፍ የድመት ነው፣ ጂ የአይጥ ነው። ይህን ወደ ደጋችን እናምጣው። በቀይ ቀበሮ ዓይነ ምድር ውስጥ ጃርዲያ ተገኘ ቢባል ያልተሟላ ወሬ ነው። ቡድን ጂ ከሆነ ቀበሮው ምሳውን በልቷል ማለት ነው፤ ቡድን ኢ ከሆነ የበጎች ግጦሽ ወደ ግዛቱ ዘልቋል፤ ቡድን ሲ ወይም ዲ ከሆነ ዱካው ወደ ውሻ ያመራል፤ ቡድን ኤ ወይም ቢ ከሆነ የሰው መጸዳጃና የውሃ ምንጭ መታየት አለበት።

በአገራችን ይህ መንገድ ጨርሶ ያልተረገጠ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች ገላ ላይ የሚወጣው ትልልቅ የውሃ እባጭ ለረጅም ጊዜ ሲታይ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከአንድ ጭላዳ የተወሰደውን እባጭ በዘረ መል መርምሮ ቴኒያ ሴሪያሊስ የተባለው የኮሶ ትል ወገን እጭ መሆኑን አረጋገጠ። የዚህ ትል ጎልማሳ የሚኖረው በውሻ ወገን እንስሳት አንጀት ውስጥ ነው፤ እጩ በአብዛኛው የሚያድገው በጥንቸል ነው። ጭላዳ በዚህ ዑደት ውስጥ የገባው ሣር በመብላቱ ነው፤ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ሙሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ በዓይነ ምድር የረከሰ ሣር በቀጥታ ወደ አፉ ይገባል። በመንዝ ጓሳ የተደረገ የብዙ ዓመት ክትትልም እባጩ ያለባቸው ጭላዳዎች ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚሞቱ፣ እባጭ ያለባቸው እናቶች ልጆችም የመትረፍ ዕድላቸው እንደሚያንስ አሳይቷል። እዚያው ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መሀል ተረጋግተው አይጥ ያድናሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንደሚለው በመንጋው መሀል ሲያድኑ 67 በመቶ ይሳካላቸዋል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ 25 በመቶ ብቻ። ሁለቱ ብርቅዬዎቻችን አንድ ሜዳ፣ አንድ ሣር ይጋራሉ ማለት ነው። ጭላዳ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ አልተመደበም፤ ቀይ ቀበሮ ግን ተመድቧል። እንግዲህ ጭላዳውን የሚገድለውን እንቁላል በሣሩ ላይ የሚጥለው ማን ነው፤ የመንደሩ ውሻ ወይስ የዱሩ? ጥፋቱ የውሻ ከሆነ መፍትሔው በውሻ ባለቤቶች እጅ ነው። ይህን ሳይለዩ ብርቅዬውን እንስሳ የብርቅዬው ጠላት አድርጎ ማየት ከባድ በደል ይሆናል። ሁለቱን የሚለየው ከውሾችም ከቀበሮዎችም የተሰበሰበ ዓይነ ምድር በዘረ መል ሲነበብ ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሣል፤ ልብ ሊባልም ይገባዋል። ቀይ ቀበሮን እየፈጀ ያለው ትል አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003 እና 2004 በባሌ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ከደረሰባቸው መንጋዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል፤ ዲስቴምፐርም እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ተመላልሷል። እሳት በተነሣበት ቤት የምስጥ ምርመራ ምን ይባላል? እውነት ነው፤ በጀት ከክትባት ተነሥቶ ወደ ትል ምርመራ ይዙር የሚል ካለ እኔም እቃወመዋለሁ። ነገር ግን ቫይረሶቹና የውሻው ትላትል የሚመጡት ከአንድ እንስሳ ነው፣ እርሱም ከውሻው ነው፤ ልዩነታቸው ቫይረሱ መምጣቱን የምናውቀው ሬሳ ሲገኝ መሆኑ ነው። የውሻ ጥገኛ ግን በየወሩ በጸጥታ ይመላለሳል፤ የት ሸለቆ ላይ ውሻና ቀበሮ እንደሚነካኩ ከወረርሽኙ በፊት ሊያመለክት ይችላል። ክትባቱም ራሱ የሚፈልገው ይህንን መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለተነሣው ወረርሽኝ የተሰጠው ምላሽ የተሳካው ቀበሮዎችን ሁሉ በመክተብ ሳይሆን ሸለቆዎችን በሚያገናኙ መተላለፊያዎች ላይ በማተኮር ነበር። የት ላይ ማተኮር እንዳለብን አስቀድሞ የሚነግረን ማንኛውም ምልክት ዋጋ አለው። እርግጥ ምልክቱ ከሚገባው በላይ መነበብ የለበትም፤ የትል እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ቀበሮው ውሻውን በዓይኑ ሳያየው ትሉን ሊወስድ ይችላል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ግን ንክሻ ይፈልጋል። ስለዚህ የጋራ ትል የጋራ መሬትን ያሳያል እንጂ ንክሻን አያሳይም። የጋራ መሬቱን ማወቅ ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

የዚህ ዓይነቱ እውቀት ዋጋ በአንድ ወቅት በሌላ መልኩ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የዘረ መል ጥናት በባሌ የዌብ ሸለቆ አንዳንድ ቀበሮዎች ከውሻ ጋር የተዳቀሉ መሆናቸውን ባሳየ ጊዜ፣ ስለ ውሾች የነበረው ክርክር በአንድ ጊዜ ከግምት ወደ ማስረጃ ተሸጋገረ። የትላትል ዘረ መልም እንዲሁ፣ በዓይን የማይታየውን ንክኪ መዝግቦ የማስቀመጥ አቅም አለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል። ትል ትል ነው፤ ስሙን ለማወቅ ከመድከም መድኃኒቱን በምግብ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ መስጠት አይቀልም ወይ ይላል። አይቀልም። እንስሳው በዚያው በቆሸሸ መሬት ላይ ስለሚኖር በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይያዛል፤ ምንጩ ያልተነካ ትልን ከቀበሮው ብቻ ማባረር ሥራውን ማለቂያ ያሳጣዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የገዛ ጥገኛውንና መጤውን ሳይለዩ ማጥፋት ነው። አንዳንድ ጥገኛ ከአስተናጋጁ ጋር አብሮ የኖረ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዝርያ ነው። የካሊፎርኒያ ኮንዶር ከመጥፋት የተረፈው የቀሩት ተይዘው በእንክብካቤ በመራባታቸው ነው፤ ያን ጊዜ ቅማሎቹን አጸዱለት፣ በእርሱ ላይ ብቻ ይኖር የነበረ የቅማል ዝርያም ከምድር ጠፋ። በአፍሪካ አንበሶች ውስጥ የሚኖረው ኢኪኖኮከስ ፌሊዲስ እ.ኤ.አ. በ1937 በራሱ ስም ተገልጾ ነበር፤ ከዚያ ከበግና ከውሻው ዝርያ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከዩጋንዳ በመጡ ናሙናዎች ላይ የተሠራ የዘረ መል ምርመራ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን መልሶ አስረዳ። ለአሥርት ዓመታት አንበሳው የበግ በሽታ ተሸካሚ መስሎ ቆይቷል። ከብት አርቢ ለሚጠላው እንስሳ ይህ የስም መምታታት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። በቀይ ቀበሮ አንጀት ውስጥም የቀይ ቀበሮው ብቻ የሆነ ትል ቢኖር፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ ከቀጠልን ሳናውቀው እናጠፋዋለን።

ምርመራው የማይችለውንም መናገር ይገባል፤ ይህን ሸፍኖ መሟገት ለጉዳዩ አይጠቅምም። ዲኤንኤ መገኘቱ እንስሳው ታሟል ማለት አይደለም፤ ቀበሮው የበላው አይጥ ትል ነበረበት ከተባለ ያ የአይጥ ትል ዲኤንኤ ሳይያዝበት በአንጀቱ አልፎ ሊወጣ ይችላል። ብዛትንም በእርግጠኝነት አይናገርም፤ ስንት ትል እንዳለ ለመገመት እንቁላል መቁጠር አሁንም የተሻለ ነው። ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጡ የሐሞትና የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ፒሲአሩን ያደናቅፋሉ፤ የኮሶ ትል ወገን እንቁላል ቅርፊት ደግሞ በጥቃቅን ጠጠሮች ካልተፈጨ ዲኤንኤውን አይለቅም። ከሁሉም በላይ የተነበበው ፊደል የሚነጻጸርበት መዝገብ የተሞላው በአብዛኛው በቤት እንስሳትና በሰው ጥገኞች ነው፤ የአፍሪካ ደጋ ትላትል በዚያ ውስጥ ጥቂት ናቸው። የእነዚህ እንቅፋቶች መድኃኒት ግን ምርመራውን መተው አይደለም። ከአንድ እንስሳ ደጋግሞ ናሙና መውሰድ፣ የአይጡንም ትል ለብቻ መመርመር፣ ከማይክሮስኮፑ ጋር ጎን ለጎን መሥራት፣ የሞተ እንስሳ በተገኘ ጊዜ ጎልማሳውን ትል ከአንጀቱ አውጥቶ መልኩንም ዘረ መሉንም አንድ ላይ መመዝገብ ነው። መዝገቡ ባዶ የሆነው ማንም ስላልሞላው ነው፤ የቀይ ቀበሮን ትላትል ገጽ ሊሞላ የሚችል አገርም ከኢትዮጵያ ሌላ የለም።

የገንዘብ ጥያቄ ይቀራል። የሰው ልጅ መድኃኒት ባጣበት አገር ለቀበሮ ትል ፒሲአር ማድረግ ተገቢ ነው ወይ ለሚለው መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚፈለገው መሣሪያ በአገር ውስጥ አለ። ከኮቪድ 19 ወረርሽኝ ወዲህ የፒሲአር ማሽኖች ከአዲስ አበባ አልፈው በክልል ላቦራቶሪዎችና በዩኒቨርሲቲዎች ተተክለዋል፤ ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፣ አርማወር ሐንሰን አለ። እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋለው የሳይንቲስቱ የአክሊሉ ለማ አገር የጥገኛ ጥናትን ከውጭ የመጣ ፋሽን አድርጋ ልታየው አይገባም። ሁለተኛ፣ ወጪው የቀበሮ ብቻ አይደለም። ኢኪኖኮከስ በደቡብ አርብቶ አደሮች ዘንድ ሰውን ለከባድ ቀዶ ጥገና የሚዳርግ፣ በቄራዎቻችንም ጉበትና ሳንባ የሚያስጥል በሽታ ነው፤ በውሻ ዓይነ ምድር ውስጥ እርሱን ከሌላው የኮሶ ትል ወገን የሚለየው ያው ምርመራ ነው። ለውሾች ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በየስድስት ሳምንቱ መስጠትና የታረደ እንስሳ ጉበትና ሳንባን ለውሻ አለመጣል በሽታውን ሊያጠፋ እንደሚችል ታዝማኒያና ኒውዚላንድ አሳይተዋል፤ ታዝማኒያ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ኒውዚላንድ በ2002 ከበሽታው ነጻ ሆነናል ብለዋል። ደሴቶች ስለሆኑ ቀለላቸው ሊባል ይችላል፤ ለሙሉ ማጥፋት እውነት ነው፤ በፓርክ ዙሪያ ያሉ መንደሮችን ሸክም ለመቀነስ ግን ደሴት መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ የማያስመካ ልማድ አለ። ናሙናው እዚህ ይለቀማል፣ ንባቡ ውጭ አገር ይሠራል፣ ጽሑፉ ውጭ ይታተማል፣ ፓርኩ ውጤቱን ካየው ከዓመታት በኋላ ነው። የዘረ መል ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገርን መብት ይጠብቃል፤ ሆኖም ሕግ ብቻውን የቀረበ ላቦራቶሪን አይተካም። የፓርኩ የእንስሳት ሐኪም መልሱን በሳምንታት ውስጥ ካላገኘ፣ ምርመራው የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን ለእርሱ ታሪክ እንጂ መሣሪያ አይደለም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ ትልቁ ቁም ነገር ስካውቱ የሚይዘው ብልቃጥ ላይ ነው። ለማይክሮስኮፕ የሚሰበሰብ ናሙና ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በፎርማሊን ነው፤ ፎርማሊን የእንቁላሉን ቅርጽ ጠብቆ ዲኤንኤውን ያበላሻል። በዚህ መንገድ የተጠራቀሙ ናሙናዎች ዛሬ ስለ ዘር ሐረግ ብዙ መናገር አይችሉም። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም፣ በባሌ፣ በጓሳና በሰሜን ተራሮች የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ከእንግዲህ ከሚለቅሙት ዓይነ ምድር ሁሉ ባቄላ የምታህል ቁራሽ በ96 በመቶ አልኮል ውስጥ ለብቻ ያስቀምጡ፤ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉ፤ በዚያው ሳምንት በአቅራቢያው መንደር ካሉ ውሾችና በጎችም ያንኑ ያህል ይውሰዱ። ለፈቃድ የሚመጣ የውጭ ተመራማሪም የናሙናውን ግማሽ አገር ውስጥ እንዲያስቀር ይጠየቅ። አልኮሉና ብልቃጡ ከአንድ ቀን የመስክ መኪና ነዳጅ አይበልጡም፤ ንባቡ ገንዘብ ሲገኝ ሊከተል ይችላል። ሥራው በዚህ በጀት ዓመት ሊጀመር ይችላል፤ ይጀመር።